ለአሥር ሰከንድ ናይቫሻ ድረስ? ከኮምቦልቻ የተነሣ አንድ ጥያቄና 38 ምላሾቹ

የደሴና የኮምቦልቻ መኪና ወዳዶች በምንወያይበት መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የጎማ ዋጋ፣ የሞተር ዘይት ዓይነትና የቦሎ ማሳደሻ ጣጣ ነው። በመሆኑም አንድ የኮምቦልቻ ወጣት ሳፋሪ ራሊ የተባለውን የኬንያ የመኪና ውድድር ናይቫሻ ከተማ ድረስ ሄዶ በዓይኑ ለማየት ማሰቡን ገልጾ ምክር ሲጠይቅ፣ ጥያቄው በሦስት ቀን ውስጥ 38 ምላሽ ይጎትታል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ከመላሾቹ አንዱ እኔው ነኝ። ክሩ (የጥያቄውና የምላሾቹ ሰንሰለት) ስለረዘመና መሐል ላይም ቁጣ ስለገባበት፣ ዘግይተው የመጡ አባላት ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንዲገባቸው በራሴ ቃል ልተርከው ወሰንኩ። አንዳንዱን ምላሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቆሜያለሁ፤ ፍርዱ የእኔ ነው።

ወጣቱ በርበሬ ወንዝ አካባቢ እንደሚኖር፣ በፈረቃ ሥራ እንደሚተዳደርና ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ገንዘብ እንዳጠራቀመ ጻፈ። ያነሣቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው መንገዱን የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የት ቦታ ቢቆም እንደሚሻል ነው። ሦስተኛውን ግን እንደ ማፈር እያለ ነበር ያነሣው። አንድ መኪና በተመልካች ፊት የሚቆየው አሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ነው ሲባል ሰምቷል፤ በስልኩ ግን ከሄሊኮፕተር የተቀረጸውን ሙሉውን ያያል። ታዲያ ለአሥር ሰከንድ ድንበር ተሻግሮ አቧራ መጠጣት ቁም ነገር ነው ወይስ ሞኝነት?

1ኛው ምላሽ የመጣው ከሰኞ ገበያ አካባቢ ከሆኑ አንድ አባት ነው። አብሽር ብለው መረቁት፤ ገንዘቡን ለከንቱ ነገር ከሚበትን አገር ቢያይበት መልካም እንደሆነም ተናገሩ፤ ስለ ውድድሩ ግን አንዳች አላነሡም። 2ኛው ምላሽ የአንዲት የደሴ መምህርት ሲሆን፣ በትሕትና የቀረበ ነገር ግን ጠንካራ ተቃውሞ ነበር። ቴሌቪዥን በመኪናው ውስጥም በሰማይም ካሜራ አለው፤ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ሰዓትም ወዲያው ያሳያል። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ግን አንድ መታጠፊያ ከማየት በቀር ማን እየመራ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። በደሴው ሆጤ ስታዲየም ኳስ የሚመለከት ሰው ቢያንስ ሜዳውን ሁሉ ያያል በማለት ደመደመች። ይህ መከራከሪያ እስከ 16ኛው ምላሽ ድረስ መልስ ሳያገኝ ቆየ፤ ሰዉ በሌላ ነገር ተጠምዶ ነበርና።

በ3ኛው ምላሽ አንድ አባል ውድድሩ ስንት ዙር እንደሆነና የፎርሙላ ዋን መኪኖች በኬንያ ኮረኮንች እንዴት እንደሚያልፉ ጠየቀ። 4ኛው ምላሽ ትንሽ ቆጣ ብሎ አረመው። ራሊ ዙር የለውም፤ መኪኖቹም ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። ስቴጅ በሚባሉ፣ ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጉ የመንገድ ክፍሎች ላይ በደቂቃዎች ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ የእያንዳንዱ ስቴጅ ጊዜ ይደመርና በድምሩ አነስተኛ ጊዜ የወሰደው ያሸንፋል። ፎርሙላ ዋንማ በአፍሪካ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1993 በደቡብ አፍሪካ፣ በክያላሚ ነው። እርማቱ ትክክል ነበር፤ ሰውየውን አላዋቂ ማለቱ ግን አያስፈልግም ነበር።

በ5ኛው ምላሽ ያቺው መምህርት ተመልሳ ታሪኩን አቀረበች። ውድድሩ የተጀመረው በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ለማክበር ሲሆን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያካልል ነበር። ከ1973 እስከ 2002 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ሆኖ ከቆየ በኋላ ከሻምፒዮናው ወጥቶ በ2021 ተመልሷል። 6ኛው ምላሽ ግን 1953 ለእኛ የታኅሣሡ ግርግር ዓመት መሆኑን አስታውሶ፣ በዚያ ዓመት የምን ዘውድ ነው ሲል አፌዘ። መምህርቷ በ7ኛው ምላሽ ይቅርታ ጠይቃ፣ የጠቀሰችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንና በእኛ ግንቦት 1945 እንደሚሆን አስረዳች። ከዚያ በኋላ በክሩ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ፣ እኔም እዚህ የምጠቅሳቸው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

8ኛው ምላሽ ብዙ ወዳጅ አገኘ። ጸሐፊው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፔጆ 404 እየነዱ ከደሴ አሰብ የተመላለሱ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ መላው መድረክ ጋሼ ይላቸዋል። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ እንደነበሩ፣ በ1968ም ከ93 እንደገና 7 ብቻ እንደደረሱና ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ያው የእርሳቸው ዓይነት 404 እንደሆነ ጻፉ። የዛሬው ውድድር በዚያ ሚዛን ሲታይ የልጆች ጨዋታ መሆኑንም ጨመሩበት። አንድ የኮምቦልቻ ጋራዥ ባለሙያ በ9ኛው ምላሽ አክብሮቱን ሳያጓድል ተከራከራቸው። የድሮው ሳፋሪ በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለሕዝብ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ የሚካሄድ ስለነበር፣ ሾፌሩ ከከብት፣ ከአውቶቡስና ከቀጭኔ ጋር መንገድ ይጋራ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ሄሊኮፕተር ከላይ እየበረረ ከፊት ያለውን አደጋ ያስጠነቅቅ የነበረውም ለዚህ ነው። ያ ጽናትን የሚፈትን ነበር። የዛሬው ግን በተዘጋ መንገድ ላይ የሚደረግ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሩጫ ነው፤ መኪናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሜትር አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ይጠየቃል። ሁለቱን ማወዳደር የማራቶን ሯጭን ከአጭር ርቀት ሯጭ ጋር ማወዳደር እንደሆነ ነገራቸው። ባለሙያው ሲያበቃ አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ ከ2021 እስከ 2025 አምስቱንም ዓመት ናይቫሻ ላይ ያሸነፈው ቶዮታ ያሪስ ነው፤ ያሪስ ማለት ደግሞ እዚህ ቪትዝ የምንለው መኪና ቤተሰብ ነው።

10ኛው ምላሽና በሥሩ የተከማቸው ሳቅ ስለ ቪትዝ ነበር፤ አልፌዋለሁ። ባለሙያው እዚያው እንዳስረዳው የውድድሩ መኪና ከስሙና ከመልኩ በቀር ከቪትዝ ጋር የሚጋራው እምብዛም የለም፦ በብረት ቱቦ የተሠራ አጽም፣ በአራቱም ጎማ የሚገፋ ኃይል፣ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር።

ክሩ ወደ ጥያቄው የተመለሰው በ11ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወደ ደሴ የተመለሰች እኅት ናት። የጅዳው የፎርሙላ ዋን ውድድር በባሕሩ ዳር፣ በሌሊት፣ በመብራት ሥር የሚካሄድ ሲሆን፣ ከ2021 ጀምሮ ድምፁን ከምትሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ትኬት የሚገዛ አቅምም ነፃ ቀንም አልነበራትም። በመጋቢት 2022፣ የልምምዱ ዕለት፣ በከተማዋ የነበረ የነዳጅ ማከማቻ በጥቃት በተመታ ጊዜ ጥቁሩ ጭስ ሲወጣ አይታለች፤ ውድድሩ ይቀራል ብለው ሲጠብቁ እሑድ ዕለት ድምፁ እንደገና ተነሣ። 12ኛው ምላሽ ትኬት ሳትገዛ ተመልካች ልትባል ትችል እንደሆነ ጠየቀ፤ አጠያየቁ ለዛ አልነበረውም። በ13ኛው ምላሽ በጨዋ ቋንቋ እንዲህ ስትል መለሰችለት፦ የዚያ መንገድ ርዝመት 6.174 ኪሎ ሜትር፣ መታጠፊያው 27፣ ዙሩም 50 ስለሆነ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠውም ሰው ፊቱ ያለውን ቁራጭ 50 ጊዜ ከማየት የተለየ ነገር አያገኝም፤ እርሷ ደግሞ ያንኑ 50 ዙር በጆሮዋ ቆጥራለች። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ የቆሙ መኪኖች መኖራቸውን ታውቅ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ተመልካችነት የነበረኝ ሐሳብ ትንሽ ተናግቷል።

በ14ኛው ምላሽ በአውሮፓ የሚኖር የደሴ ልጅ በፈረንሳይ የሚካሄደውን የሌ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር እንዳየ ጻፈ። ርዝመቱ 13.626 ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ ላይ ከቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይነዳል፤ በቅርብ ዓመታት ከ300 ሺሕ በላይ ተመልካች ይመጣል፤ ሰዉ ድንኳን ተክሎ፣ ተኝቶና ተነሥቶ፣ አብስሎና በልቶ ነው የሚያየው። ስለ ጥንቃቄ ያነሣው ደግሞ ክሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አሰኘው። በሰኔ 1955 በዚያው ቦታ አንድ መርሴዲስ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ስብርባሪው ወደ ሕዝቡ ተወረወረ፤ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ውድድሩ ግን አልተቋረጠም። ላለመቋረጡ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ቢወጣ መንገዱ ተጨናንቆ አምቡላንስ ማለፊያ ያጣል የሚል ነበር። 15ኛው ምላሽ ሰው ስለ ናይቫሻ ጠይቆ ስለ ፈረንሳይ ይወራለታል በማለት ወረፈው። ወረፋው ተገቢ አልነበረም፤ ወጣቱ የት ልቁም ብሎ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚያው ከ1955 ነው።

16ኛው ምላሽ የእኔ ነበር፤ ረዘም ያለ በመሆኑ እዚህም ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። በሰኔ 2023 ናይቫሻ ነበርኩ። በዚያ ዓመት የውድድሩ አቀማመጥ እንዲህ ነበር፦ መክፈቻው በናይሮቢ ነበር፤ እዚያው ካሳራኒ ላይ አጭር ስቴጅ ተነዳ፤ ዓርብ ሎልዲያ፣ ጂኦተርማልና ኬዶንግ የተባሉት ስቴጆች፣ ቅዳሜ ሶይሳምቡ፣ ኤልመንታይታና ስሊፒንግ ዋርየር፣ እሑድ ደግሞ የሄልስ ጌት መዝጊያ። አንዱ ስቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ይነዳል። ዓርብ ዕለት የሠራሁትን ስህተት ሳልደብቅ ጻፍኩ። ሁለት ስቴጅ ለማየት ስስገበገብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሮጥ መንገዱ ተዘጋብኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያየሁት የአውቶቡስ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ግን ገና ሳይነጋ ስሊፒንግ ዋርየር ደርሼ አንድ ዳገት ላይ ተቀመጥኩና እስከ ማታ አልተነሣሁም። ስሙ የተወሰደው ከሩቅ ሲታይ የተኛ ጦረኛ ከሚመስለው ተራራ ነው፤ የደሴውን የጦሳ ተራራ በየማለዳው እያየ ያደገ ሰው ተራራን በሰው መልክ መሰየም አይገርመውም።

ለመምህርቷ የሰጠሁት መልስ ከዚያ ዳገት የተገኘ ነው። ቴሌቪዥን አንዱን መኪና በብዙ ቦታ ያሳያል፤ ቦታውን መርጦ የተቀመጠ ተመልካች ደግሞ ብዙ መኪኖችን በአንድ ቦታ ያያል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያው መታጠፊያ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው የአቧራ ገንዳ እያለ፣ አንዱ ሾፌር ከሩቅ ፍሬን ይዞ በጥንቃቄ ሲገባ፣ ሌላው መኪናውን አስቀድሞ በጎኑ ጥሎ ሲያንሸራትተው፣ ሦስተኛው ከውስጥ በኩል ያለችውን ድንጋይ ለመሸሽ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ሲሰፋ አየሁ። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ አሥር ሰከንዷ የአንዱ ተማሪ መልስ ናት። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ መንገዱ በጎማ ታርሶ ስለነበር ጠዋት የሠራው መልስ ለአንዳንዶቹ አልሠራም። ማን እየመራ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እውነት ነው። ፈረንሳዊው ሾፌር ኦዤ በ6.7 ሰከንድ ብልጫ ብቻ ማሸነፉን የሰማሁት እሑድ ማታ ወደ ናይሮቢ በሚመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ያን ያህል ኪሎ ሜትር ተነድቶ ልዩነቱ 6.7 ሰከንድ ከሆነ፣ ያቺ ድንጋይ ጋ የነበረችው አንድ ክንድ ከንቱ እንዳልነበረች ያኔ ገባኝ።

በ17ኛው ምላሽ ወጣቱ በድሮ ቪዲዮዎች ሕዝቡ መንገዱ መሐል ቆሞ መኪናው ሲደርስ እንደ ባሕር ሲከፈል ማየቱን ገልጾ፣ መታጠፊያው ውጭ ላይ መቆም ምን ጉዳት እንዳለው ጠየቀኝ። በ18ኛው ምላሽ መልሱን አጠር አድርጌ ሰጠሁት። በ1986 በፖርቱጋል ራሊ አንድ ፎርድ ከእንዲህ ያለ ሕዝብ ለመሸሽ ሲሞክር ከቁጥጥር ወጥቶ ሰው መሐል ገባ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ከ30 በላይ ቆሰሉ፤ ታላላቆቹ ሾፌሮችም ውድድሩን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት በኮርሲካ ሁለት ተወዳዳሪዎች በመኪናቸው ውስጥ ሞቱ፤ ግሩፕ ቢ የሚባሉት ኃይለኛ መኪኖችም ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ታገዱ። ስለዚህ ከመንገዱ ከፍ ያለና በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ያለ ቦታ ይፈለጋል፤ መኪናው መስመር ከሳተ የሚሄደው ወደ ውጭ ነውና። ከኋላ ማፈግፈጊያ ይኑር፤ በቀይ ጥብጣብ የታጠረ ቦታ ላይ አይቆም፤ ለመንገዱም ጀርባ አይሰጥ። ከተወዳዳሪዎቹ በፊት ሦስት ዜሮ፣ ሁለት ዜሮና አንድ ዜሮ የተጻፈባቸው መኪኖች መንገዱን እየፈተሹ ያልፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ጠራጊው መኪና እስኪያልፍ ድረስ ደግሞ ማንም ወደ መንገዱ አይወርድም።

19ኛው ምላሽ ቀልድ ነበር። በመኪናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሁለተኛ ሰው የኢሱዙ ረዳት መሆን አለበት፤ ሥራውም ታኮ ማስገባትና ሒሳብ መሰብሰብ ሳይሆን አይቀርም ሲል ጻፈ። ሳቀለት ብዙ ሰው። በ20ኛው ምላሽ የጋራዡ ባለሙያ ቀልዱን ሳይነቅፍ እርማት አከለበት፦ ያ ሰው ከውድድሩ በፊት መንገዱን አብሮ ያጠናል፤ ሾፌሩ ገና ያላየውን መታጠፊያ ጥብቀቱንና ርቀቱን ከደብተር እያነበበ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ጎማ ሲፈነዳም ሁለቱ ራሳቸው ወርደው ክሪክ ያስገባሉ፤ ስቴጅ መሐል ጎሚስታ የለምና።

21ኛውን ምላሽ የጻፈው ከኮምቦልቻ በሚሌ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ናይቫሻ ላይ ፌሽ ፌሽ የሚባለው አቧራ ከጤፍ ዱቄት የላመ እንደሆነ፣ ጉድጓዱን ሞልቶ ሜዳ አስመስሎ እንደሚያታልልና የእርሱ ዓይነት አቧራ በአፋር በረሃ እንደሚያውቅ ጻፈ። የውድድር መኪኖቹ የአየር መሳቢያ ቱቦ እስከ ጣሪያው ድረስ ተቀጥሎ የሚታየው ከውኃውና ከዚህ አቧራ ለመሸሽ ነው። ለወጣቱ ሽርጥ እንዲይዝ መከረው፤ አፍና አፍንጫ የሚሸፈንበት እንጂ ወገብ ላይ የሚታሰር አይደለም በማለት። ውድድሩ ከ2021 እስከ 2023 በሰኔ፣ በ2024 እና በ2025 ደግሞ በመጋቢት የተደረገ በመሆኑ፣ የመጋቢቱ ዝናብ አቧራውን ጭቃ ሊያደርገው እንደሚችልም አስጠነቀቀ። በ22ኛውና በ23ኛው ምላሽ የደሴና የኮምቦልቻ የቆየ ፉክክር ተነሣ። ናይቫሻ ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ያህል ላይ ስላለች የኮምቦልቻ ሰው እንደ ቤቱ ይሆናል ሲባል፣ አንድ ደሴዬ ከጉም በላይ የኖረ ሰው የትም አይቸገርም ብሎ መለሰ። ይህን ያህል ይበቃል።

24ኛው ምላሽ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንድ አባል እስከ ኬንያ መሄድ ምን ያደርጋል፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ማታ ቆሞ ጭነት የያዙ ኢሱዙዎች ሲሽቀዳደሙ ማየት በነፃ ይቻላል ሲል ጻፈ፤ ከሁለቱ ከተሞች ወጣቶችን አሰባስቦ ውድድር ማዘጋጀት እንደሚቻልም አከለ። 25ኛው ምላሽ ሳቅ ብቻ ነበር። በ26ኛው ምላሽ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጽፋ የማታውቅ አባል ገባች። ወንድሟ የኢሱዙ ረዳት እንደነበረ፣ በአንድ ጉም በበዛበት ማታ ሐረጎ ላይ አንዱ ሌላውን ልቅደም ሲል በደረሰ አደጋ እንደሞተና የሞተበትን መታጠፊያ ወደ ደሴ በወጣች ቁጥር እንደምታልፈው ጻፈች። ስለ ረዳት የተቀለደውንም አንብባዋለች። ከዚያ በላይ አልጨመረችም። የ24ኛው ጸሐፊ በ27ኛው ምላሽ ቀልድ መሆኑን ጠቅሶ ሰው ሁሉ አኩራፊ ሆኗል በማለት ራሱን ተከላከለ፤ እንደ እኔ አስተያየት ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ከፋ። 28ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ማስጠንቀቂያ ነው።

29ኛውን የጻፈው ያው የጅቡቲ ሾፌር ነው፤ ከክሩ ሁሉ በቁጣ የተሞላው እርሱ ነበር። ሐረጎን የሚወርድ ጫኝ መኪና እየተሽቀዳደመ ሳይሆን ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ራሱን እየያዘ እንደሚሄድ፣ ከፊቱ ባጃጅ፣ ከብትና የትምህርት ቤት ልጅ እንዳለና መንገድን ለውድድር የሚያበቃው ከሁሉ አስቀድሞ መዘጋቱ እንደሆነ ዘርዝሮ ጻፈ። ናይቫሻ ላይ መኪናው የሚበረው ከፊቱ ማንም አለመኖሩን ስለሚያውቅ ነው፤ ሐረጎ ላይ ግን ያን ማወቅ የሚችል ሰው የለም። የረዳቱን ቀልድ የጻፈው ሰው በ30ኛው ምላሽ እኅታችን ብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ለወንድሟም ነፍስ ይማር አለ። በ31ኛው ምላሽ በአውሮፓ የሚኖረው ልጅ ተመልሶ፣ ተራራ የመውጣት ውድድር እውነተኛ ስፖርት መሆኑን፣ በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ ላይ ከ1916 ጀምሮ 156 መታጠፊያ ባለው፣ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋና 4,302 ሜትር ከፍታ ላይ በሚያበቃ መንገድ እንደሚካሄድ፣ ነገር ግን በዚያም መንገዱ ተዘግቶ፣ አንድ በአንድ፣ በሰዓት ተለክቶ እንደሆነ አስረዳ። የ24ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ ጽሑፉን አነሣው። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

32ኛውና 33ኛው ምላሾች ስለ ጉዞው ናቸው፤ አጠር አድርጌ ላቅርባቸው። ከኮምቦልቻ በአዲስ አበባና በሞያሌ በኩል እስከ ናይቫሻ በድምሩ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ናይቫሻ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የመግቢያ ፈቃድ ሕግ ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ ኤምባሲውን መጠየቅ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሣት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። አቅሙ ለአውሮፕላን ከበቃ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ጋሼ በ34ኛው ምላሽ ገብተው ቅጥ ያለው ሰው በአውቶቡስ እንደሚሄድ፣ መንገድን ሳያይ ውድድርን ያየ ሰው ግማሹን እንዳላየ ተናገሩ።

ወጣቱ በ35ኛው ምላሽ ውሳኔውን አሳወቀ። የሚሄደው በአውቶቡስ ነው፤ የሚያየውም አንድ ስቴጅ ብቻ፣ ጠዋትም ከሰዓት በኋላም ሲነዳ፣ ከአንድ ዳገት ላይ። መምህርቷ በ36ኛው ምላሽ አሁንም በአሳቧ እንደጸናች፣ ነገር ግን ስለዚያች አንድ ክንድ የተጻፈውን ለተማሪዎቿ እንደምታነብ ገለጸች። በ37ኛው ምላሽ ከጅዳ የተመለሰችው እኅት ወጣቱን አንድ ነገር ለመነችው፦ ምስል ከሁሉም ቦታ ስለሚገኝ እርሱ ድምፁን ብቻ ቀርጾ እንዲያመጣላት፤ መኪናው ገና ሳይታይ ከሸለቆው ውስጥ ሲመጣ፣ አልፎም ሲሄድ እስኪጠፋ ድረስ። ወጣቱ እሺ ብሎ፣ ነፋሱ ስልኩን እንዳያስጮኸው ምን ማድረግ እንደሚሻል እዚያው ሥር ጠየቀ። 38ኛው ምላሽ የጋራዡ ባለሙያ ነው፦ ከአሮጌ የመኪና ወንበር ስፖንጅ ቁራጭ ቆርጦ የስልኩን ማይክ እንዲሸፍንበት፣ ስፖንጁንም ጋራዡ በሚያልፍበት ቀን ጎራ ብሎ እንዲወስድ።